ካዝናው ከእጀታው በታች ወጣብኝ

በዚህ ወር የመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ ሽጉጥ ካዝና፣ ጥይት ተሞልቶበት እጀታው ውስጥ ስለሚገባው ቱቦ ናቸው። ምን እንደነካችሁ እንጃ። ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ ቤት ውስጥ ብረት የተማርኩ፣ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ የሽጉጥ ጥገና የምሠራ ሰው ነኝ። ሽጉጥ ግዙም አትግዙም ብዬ አልሰብክም። በሕግ የገዛውን ይዞ ለሚጠይቀኝ ስለ ብረቱ እነግረዋለሁ፣ በቃ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ያው የዘወትሩ ነው። ካዝናው ይውጣ። ስላይዱ፣ ማለት ከላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው ብረት፣ ይሳብና ውስጡ በዓይንም በጣትም ይታይ። እውነተኛ ጥይት ከምትሠሩበት ክፍል ይውጣ። ለሙከራ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት በየሱቁ አለ።

ጥያቄ፦ *ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አጭሩ፣ ኦፊሰርስ የሚባለው 1911 ሽጉጥ አለኝ፤ 45 ካሊበር ነው። አንድ ጓደኛዬ የትልቁን 1911 ባለ 8 ጥይት ካዝናዎች በነፃ ሰጠኝ። ይገባሉ፣ ይሠራሉም። ግን ከእጀታው በታች ተርፈው ይታያሉ፣ ያስጠላሉ። ግራይንደር አለኝ። ቆርጬ ከእጀታው ጋር እኩል ባደርጋቸውስ? — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ግራይንደሩን አስቀምጥ። እናውራ።

የአሜሪካው ሽጉጥ ፋብሪካ ኮልት ኦፊሰርስን በፈረንጆቹ 1985 ሲያወጣ እጀታውን ከትልቁ 1911 በግማሽ ኢንች ያህል አሳጠረው። የራሱ ካዝና 6 ጥይት ነው የሚይዘው። አንተ ጋ ያሉት ለረጅሙ እጀታ የተሠሩ ናቸው። ማስጠላቱ ይቅርና ከዚያ የባሰ ችግር አለባቸው። ስላይዱ ወደ ኋላ ተቆልፎ ሳለ ረጅሙን ካዝና በመዳፍህ መታ አድርገህ ብታስገባው ከታች የሚያቆመው ነገር የለም። ካዝናውን የሚቆልፈውን መያዣ አልፎ ወደ ላይ ይሄዳል። የካዝናው የላይኛው ጠርዝ፣ ከንፈሩ፣ ቀለህ አስፈንጣሪውን ይመታዋል። ወይ አስፈንጣሪው ይጣመማል፣ ወይ ካዝናው እዚያው ተነክሶ ይቀራል። እንዲህ ሆኖ የመጣ ሽጉጥ በሞርሳዬ ላይ አስሬ አይቻለሁ። ረጅም ካዝና በአጭር እጀታ መጠቀም የሚፈልግ ሰው ትርፉን ብረት የሚሸፍን የፕላስቲክ ቀለበት ይገዛል። ቀለበቱ የእጀታውን ጠርዝ ይነካና ካዝናውን ያቆመዋል። ውበቱ ትርፍ ነው፣ ዋናው ሥራው ማቆም ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ይቆረጣል ወይ? ይቆረጣል። ግን ካዝና ቱቦ ብቻ አይደለም። ከላይ ሁለቱ ከንፈሮች አሉ፣ ጥይቱን የሚይዙትና በሰዓቱ የሚለቁት። ከሥር ጥይቱን የሚገፋው ቁራጭ አለ፣ ፎሎወር የምንለው። ከዚያ ሞላው። ከዚያ የታችኛው ክዳን። ካዝናው ሽጉጡ ውስጥ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚቆም የሚወስነው ክዳኑ አይደለም። መያዣው የሚገባባት ትንሿ ቁርጥ ናት። ስለዚህ ከታች የምትሠራው ለዓይን ነው። ጥይቱ ይጎርስ አይጎርስ የሚለውን ከንፈሩና ሞላው ናቸው የሚወስኑት። አንተ ደግሞ ቱቦውን ስትቆርጥ ሳታስበው ሞላውን ነካህ ማለት ነው።

እንዴት? ቱቦው በግማሽ ኢንች አጠረ። ሞላው ግን ያው ረጅሙ ነው። ካዝናው ሲሞላ ጥቅልሎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ፣ የሚታመቁበት ቦታ ያልቃል። ታዲያ ብዙ ሰው ፒንሳ ያነሳና ሁለት ጥቅልል ይቆርጣል። አሁን ይሞላል፣ ደስ ይለዋል። ተኩስ ቦታ ሲሄድ ግን የመጨረሻው ጥይት አፍንጫውን ደፍቶ ወደ በርሜሉ የሚያስገባው መወጣጫ ላይ ይተከላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞላ አቅሙ በጣም የሚደክመው ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ነው። እሱም የመጨረሻው ጥይት ላይ ነው። ስላይዱ ወደ ኋላ ሄዶ እስኪመለስ ሞላው ያንን ጥይት ከፍ አድርጎ ማቅረብ አለበት። የተቆረጠ ሞላ ይዘገያል። ስለዚህ ቱቦውን ካሳጠርክ ሞላውን ቆርጠህ አትጠቀም፤ ለኦፊሰርስ የተሠራውን ሞላ ከነፎሎወሩ ግዛ።

ቀጥሎ ቂጡ። ክዳኑ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ የሚይዘው የቱቦው የታጠፈ ጠርዝ ነው። ስትቆርጥ ጠርዙ አብሮ ይሄዳል። አዲስ ጠርዝ ለማጠፍ ቱቦው ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ የብረት ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ላሜራው ይጨማደዳል። ወይም እንደ ጥንቶቹ የወታደር ካዝናዎች ክዳኑን በብር ብየዳ ታጣብቀዋለህ። እዚህ ላይ እሳቱ ነው ጉዳዩ። ሙቀቱ ከታች ይቅር። የላይኛውን ግማሽ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልልና ሞርሳ ውስጥ አስገባው። ከንፈሩ ጋ ሙቀት ከደረሰ ብረቱ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ከንፈር ደግሞ በጥቂት ተኩስ ይከፈታል። ዛሬ የሠራ ካዝና ነገ ሁለት ጥይት ባንዴ ይተፋል።

ክዳኑ ከተበየደ ውስጡን እንዴት ታጸዳለህ? የድሮዎቹ ብልሃት ቆንጆ ናት። የቱቦው ጎን ላይ ጥይት የሚቆጠርባቸው ቀዳዳዎች አሉ አይደል? ፎሎወሩን በእንጨት ወደ ታች ትጫነዋለህ። ከሥሩ ሞላው ሲታይ ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው አሻግረህ ሞላውን ታስረዋለህ። ፎሎወሩ ነፃ ይሆናል። ካዝናውን ዘቅዝቀህ ነቅነቅ ስታደርገው ይወጣል። ከዚያ አፉን በአውራ ጣትህ ከድነህ ሽቦውን ትስባለህ። መነጽር አድርግ። ያ ሞላ ፊት አያውቅም።

ሌላው የሚረሳው የቱቦው ውስጥ ነው። መጋዝም ሞረድም ወደ ውስጥ ሹል ጠርዝ ይተዋል። በጣትህ ላይታወቅህ ይችላል። ሞላው ግን እሱን እየፋቀ ነው የሚያልፈው። 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ላይ ጠቅልለህ ውስጡን ጥረገው፣ ከዚያ በ600 ጨርስ። ዘይት አታፍስበት። ዘይት ያለበት ካዝና አቧራ ይሰበስባል።

ይህን ሁሉ ከነገርኩህ በኋላ ምክሬን ልንገርህ፦ አትቁረጥ። ባለ 6ቱን ካዝና ግዛ። የሞላው፣ የፎሎወሩና የብር ብየዳው ወጪ ሲደመር ከአዲሱ ካዝና ይበልጣል፤ ጊዜህን ሳልቆጥር። ነፃ ያገኘኸውን ትልቅ 1911 ላለው ሰው ስጠው። መቁረጥ ያለበት ፋብሪካው የተዘጋ፣ ካዝናው የማይገኝ ሽጉጥ የያዘ ሰው ነው። ያንተማ በገበያ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ *ሰላም ጋሼ። የጥበቃ ሥራ ነው የምሠራው። የትንሿ ሽጉጤ ካዝና ከፊት ለትንሿ ጣት ማረፊያ መንቆር አለው፣ ልብሴን ይይዝብኛል። ጠፍጣፋ ክዳን በመቀየር ብቻ እኩል ይሆናል ወይ? ባልደረባዬ ቀይሮ ሆኖለታል፣ የእኔ ግን አልሆነም። — ከሂዩስተን፣ ቴክሳስ*

እህቴ፣ የሽጉጥሽን ስም አልጻፍሽም፣ ግን ነገሩን ገምቻለሁ። ሁለት ዓይነት መንቆር አለ።

አንዱ ክዳኑ ላይ ብቻ ያለ ነው። ግሎክ 43ን ውሰጂ። ካዝናው 6 ጥይት ነው። አንዱ ጠፍጣፋ ክዳን፣ ሌላው መንቆር ያለው ክዳን ይዞ ይመጣል። ቱቦው አንድ ነው። ክዳኑን ስትቀይሪ እኩል ይሆናል። የባልደረባሽ ይህ ይመስለኛል።

ሌላው ቱቦው ራሱ የረዘመ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ በ9 ሚሊሜትር ሲሸጥ ባለ 7 አጭርና ባለ 8 ረጅም ካዝና ነበረው። ባለ 8ቱ ላይ የምታዪው ፕላስቲክ ትርፉን ብረት የሸፈነ ቀለበት ነው። ክዳን ብትቀይሪ ቱቦው አያጥርም። ባለ 7ቱን ካዝና መግዛት ነው መፍትሔው። አንድ ጥይት ታጪያለሽ፣ ልብስሽ ግን አይያዝም። እኔ ብሆን ባለ 7ቱን ሽጉጡ ውስጥ፣ ባለ 8ቱን መለዋወጫ አድርጌ ቀበቶ ላይ እይዘው ነበር።

አቀያየሩ ቀላል ነው። ክዳኑ መሃል ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ውስጧ ያለውን አዝራር በቀጭን ካቻቢቴ ወይም በፒን ትጫኚውና ክዳኑን ወደ ፊት ታንሸራትቻለሽ። ግማሽ ሲወጣ አቁሚ። አውራ ጣትሽን ሞላው ላይ ካደረግሽ በኋላ ጨርሺው። ሞላውን ከማውጣትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ሞላ ላይና ታች፣ ፊትና ኋላ አለው። ካጸዱ በኋላ ገልብጠው ከተውት ካዝና የተነሣ ስንት ሰው ሽጉጡ ተበላሽቷል ብሎ ይዞልኝ መጥቷል። ስትጨርሺ ክዳኑን በጣትሽ ገፍተሽ ፈትኚ። ቀጭ ብሎ ካልተቆለፈ ካዝናው ሲወድቅ ይበተናል፣ ጥይቱም ሞላውም መሬት ላይ ነው።

የርካሽ ጠፍጣፋ ክዳን ነገር ደግሞ አለ። አንዳንዱ ወፍራም ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሞላውን ቀድሞ ያምቀዋል። የምትለዪበት መንገድ ይኸውልሽ። ካዝናውን ሙዪ። የላይኛውን ጥይት በአውራ ጣት ተጫኚው። ጥቂት ወደ ታች ካልሄደ ቦታ የለም ማለት ነው። ስላይዱ ተዘግቶ ሳለ ካዝናው አይገባም። ወይም የገባ መስሎ ሳይቆለፍ ይቀራል፣ በመጀመሪያው ተኩስም እግርሽ ሥር ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ *ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የ70 ዓመት ሰው ነኝ። ብራውኒንግ ሃይ ፓወር አለኝ። የድሮ ባለ 13 ካዝናዎቼ ደህና ናቸው፣ ግን ቁልፉን ስጫን አይወድቁም፣ በጣት መሳብ አለባቸው። አዲስ ባለ 15 ገዛሁ፣ እሱ ደግሞ ሲሞላ አልገባም አለ። ፋብሪካው ኤፍኤን በቅርቡ ያወጣውን ባለ 17 ገዛሁ፣ እሱ ጭራሽ አይመጥንም። — ከላስ ቬጋስ*

አባቴ፣ ጥሩ ሽጉጥ ነው የያዙት። ከመጨረሻው ልጀምር። ኤፍኤን በ2022 ያወጣው ሽጉጥ ስሙ ይመሳሰል እንጂ ሌላ ሽጉጥ ነው። ካዝናው ከድሮው ጋር አይለዋወጥም። መልሰው ብርዎን ይቀበሉ።

የማይወድቀው ነገር ከካዝናው አይደለም። ሃይ ፓወር ካዝና ከሌለው ምላጩ አይሠራም። ይህን የሚያደርገው ከምላጩ ጋር የተያያዘች ትንሽ ዘንግ ናት። የካዝናውን ፊት ትጫነዋለች፣ እየፋቀችው ትኖራለች። ካዝናዎን ብርሃን ላይ አዙረው ፊቱን ይዩት። ከላይ ወደ ታች ቀጭን ያበራ መስመር ያያሉ። እሷ ናት። ያንን መስመር በ600 ከዚያም በ1000 የብርጭቆ ወረቀት በእርጥቡ ያለስልሱት። ላሜራውን ማሳሳት አይደለም፣ ማለስለስ ብቻ ነው። መውደቁ ይሻሻላል። ዘንጓን ነቅለው የሚጥሉ አሉ፣ እኔ አልነቅልም። ፋብሪካ የሠራውን መጠበቂያ አውጥቼ ሰው እጅ ላይ አልሰጥም።

ባለ 15ቱን በተመለከተ። የዚህን ሽጉጥ ካዝና የሠራው ቤልጅጋዊው ዲዮዶኔ ሴቭ ነው። ጥይቱን ሁለት ረድፍ አዛንፎ ደረደረና 13 አገባ። ሽጉጡ በ1935 ሲወጣ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ በዚያው ርዝመት 15 የሚያስገቡት ፎሎወሩንና ክዳኑን አሳስተው፣ ሞላውንም ቀይረው ነው። ከእጀታው አይወጣም፣ ያምራል። ግን ሁለቱ ጥይቶች ከየት መጡ? ከሞላው ትርፍ ቦታ ነው የመጡት። ስለዚህ አዲስ ሳለ 15 ሞልቶ በተዘጋ ስላይድ ላይ ማስገባት ይከብዳል። ሞልተው ሳምንት ያህል ያስቀምጡት፣ ሞላው ይረጋል። ያም ካልሆነ 14 ይበቃል። መዳፍዎን እንደ መዶሻ አድርገው አይምቱት፣ እባክዎ።

ሌላ አንድ ነገር። ካዝናዎችዎን ከታች በቀለም ቁጥር ይጻፉባቸው። ተኩስ ቦታ ሽጉጡ ሲነክስ የካዝናውን ቁጥር ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ሁልጊዜ አንዱ ቁጥር ብቻ ከሆነ ካዝናው ነው። በሁሉም ከሆነ ሽጉጡን ያምጡልኝ። ሰው ግን ቁጥር ሳይጽፍ ይመጣና "አንዳንዴ ይነክሳል" ይለኛል። የቱ ካዝና? "እንጃ።" እኔስ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ *ካዝናዬን ሁልጊዜ ሞልቼ ባስቀምጠው ሞላው ይደክማል? — ከሲያትል*

ጥሩ ሞላ በልኩ ታምቆ መቀመጡ ብዙ አይጎዳውም። ይበልጥ የሚያደክመው መታመቅና መላቀቅ ነው። የመጨረሻው ጥይት መዘግየት ሲጀምር ቀይረው። ሞላ ርካሽ ነው።

ጥያቄ፦ *ክዳኑን ቀይሬ ጥይት መጨመር እፈልጋለሁ። — ከዴንቨር*

ወንድሜ፣ ኮሎራዶ ከፈረንጆቹ ሐምሌ 2013 ጀምሮ ከ15 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥም መግዛትም ከልክሏል። ሜሪላንድ ሽያጩን በ10 ገድባለች። ማሳጠር አያስጠይቅም፣ መጨመር ግን ሊያስጠይቅ ይችላል። ይህን በደብዳቤ አልመልስም። የግዛትህን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ጠይቅ። ደግሞ ስትበር ባዶ ካዝና እንኳ በእጅ ሻንጣ አይገባም።

ጥያቄ፦ *ጋሼ፣ አባቴ ጎንደር ገጠር ነው የሚኖረው። ከአያቴ የወረሰው ፈቃድ ያለው ጣሊያን ሠራሽ ቤሬታ 1934 ሽጉጥ አለው። ካዝናው ሥር ወደ ፊት የተጠማዘዘ መንቆር አለ፣ አባቴ ሞርዶ እኩል ሊያደርገው ያስባል። ደግሞ ካዝናው ባዶ ሲሆን አልወጣ እያለ ያስቸግረዋል። አዲስ ካዝና ልላክለት? — ከዳላስ*

አደራህን፣ ዛሬውኑ ደውልና ሞረዱን እንዲያስቀምጥ ንገረው።

ያ መንቆር ለጌጥ አይደለም። የዚህ ሽጉጥ የካዝና መቆለፊያ እጀታው ሥር፣ ከኋላ ነው። በአንድ አውራ ጣት መቆለፊያውን ወደ ኋላ ትገፋለህ፣ በሌላ እጅህ መንቆሩን ይዘህ ካዝናውን ትስባለህ። መንቆሩ ከተሞረደ ካዝናው ከእጀታው ጋር እኩል ይሆናል፣ ደስ ይላል። በምን ይዞ ሊስበው ነው ታዲያ?

ባዶ ሲሆን የሚያስቸግረውም የታወቀ ጠባዩ ነው። ቤሬታ 1934 ጥይት ሲጨርስ ስላይዱን ከኋላ የሚይዝለት ሌላ ብረት የለውም። የሚይዘው የካዝናው ፎሎወር ራሱ ነው። ስለዚህ የስላይዱ ሞላ ፎሎወሩን ተጭኖታል። ካዝናው ቢሳብ አይወጣም። በግድ ሲወጣ ስላይዱ ጧ ብሎ ይዘጋል። መላው ይህ ነው። ስላይዱን በእጁ ወደ ኋላ ሳብ ያድርግ። የጎኑን መጠበቂያ ዘንግ ያዙረው። ስላይዱ ላይ ባለችው ቁርጥ ውስጥ ትገባና ስላይዱን ትይዘዋለች። አሁን ፎሎወሩ ላይ ጭነት የለም። ካዝናው በቀላሉ ይወጣል፣ ውስጡም ባዶ መሆኑ በደንብ ይታያል።

የስላይዱን ጎን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልህ ጠይቀው። ዓመተ ምሕረቱ አጠገብ የሮማ ቁጥር ካለ፣ ለምሳሌ 1937 ካጠገቡ XV፣ በፋሺስት አቆጣጠር የተመታ ነው። ይህ ካለበት ከነመንቆሩ፣ ከነዝገቱ ታሪክ ነው። ዝገቱን በስስ ዘይትና በጥጥ ጨርቅ ብቻ ይጥረገው። በብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካው።

ካዝና መላኩን ተወው። ከአሜሪካ የጦር መሣሪያ ዕቃ ማውጣት የራሱ የፈቃድ ሕግ አለው። አገር ቤትም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። አንድ የብረት ቁራጭ ሻንጣ ውስጥ ደብቀህ ቦሌ ላይ ልትጠየቅበት ነው? አባትህ ፈቃዱን ያወጣበት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ። የእሱ ካዝና 7 ጥይት ነው፣ 9 ሚሊሜትር ኮርቶ (አጭር) የሚባለው። አዛውንት ሽጉጥ ስለሆነ ቢችል ጭራሽ አይተኩስበት። ሰላም በልልኝ።